የድድ ቀለም ያለው ጀግና

ወልቂጤ ውስጥ በየባጃጁ መስታወት ላይ ሮዝ ሰው ተንጠልጥሎ ካያችሁ ጥፋቱ የኔ ነው። አስማት አይደለም፤ አንዳንዱ እንደሚያወራውም አዲስ ሃይማኖት አልገባም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እናንተ ብቻ ሳልጨርስ አትፍረዱብኝ።

ሙያዬ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ ይነቅላል፣ እኔ በተነቀለው ምትክ የሚወልቅ ጥርስ እሠራለሁ። ከደሴ ተቀጥሬ ወልቂጤ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው «ጥርሱ ተመችቶኛል፣ እግዜር ይስጥህ» ሊለኝ ብሎ ክሊኒካችን አልመጣም። ጥርስ ከተመቸ ሰው ጥርስ ሠሪውን ይረሳዋል። ካልተመቸ ግን ገበያ መሃል ድረስ ይከተለውና አውልቆ መዳፉ ላይ አድርጎ ያሳየዋል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት እንዲህ ሆኖብኝ ሟቹን ትተን ስለ መንጋጋ ስንነጋገር ዋልን። ይሄን የምነግራችሁ በኋላ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት እንዲገባችሁ ነው። ሰው የእጁን ሥራ ሲሰጥ ፊት ማየት ይፈልጋል፤ እኔ የማየው ሁልጊዜ የተቆጣ ፊት ነበር፤ እሱም ግማሹ ጥርስ የለውም።

ባለፈው ክረምት እህቴ ደሴ ያለውን የእናታችንን ቤት ስታጸዳ አንድ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ አግኝታ በሰው ላከችልኝ። ውስጡ ብይ፣ የዛገ መቅረጫ እና በራሪው ደምሴ ነበሩ።

በራሪው ደምሴን የማታውቁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም። ልጆች ሳለን አንድ የልጆች መጽሔት ላይ በሥዕል የሚወጣ ጀግና ነበር። የሌላ አገር ጀግና ካባ ሲለብስ የኛው ደምሴ ጋቢ ነው የሚለብሰው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይነሣል፤ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ አውቶብስ በአንድ እጁ ይመልሳል፤ ቡና የሚያሻግር ኮንትሮባንዲስት ሲያገኝ ከነአህያው አንሥቶ ኬላው በር ላይ ያስቀምጠዋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጋቢውን አጥፎ እንደማንም ሰው ቀበሌ ሱቅ ወረፋ ይይዛል። መብረሩን ወዲያው አምነን ተቀብለነዋል። ሲያከራክረን የኖረው፣ መብረር የሚችል ሰው ለምን ወረፋ ይይዛል የሚለው ነበር።

የጣት ርዝመት ያለው አሻንጉሊቱም ያኔ በሱቅ ይሸጥ ነበር። የኔው ደምሴ ጋቢው ተቧጭሯል፣ አፍንጫው ደህና ነው፣ ቀኝ እጁ ግን ከክርኑ በታች የለም። ምን ይዞ እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ። እኩዮቼን ብጠይቅ አንዱ ጎራዴ አለ፣ አንዱ መጽሐፍ፣ አንዱ ደግሞ «ምንም አልያዘም፣ ሰላምታ እየሰጠ ነው» ብሎ ማለ። የጎደለ ነገር መተካት እንጀራዬ ነውና በሰም አዲስ እጅ ሠራሁለት። የሚያስይዘው ነገር ሳጣ መፋቂያ አስያዝኩት። ከሩቅ ሲያዩት ጎራዴ ይመስላል።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና «እጁ ከተቃና ለምን አላባዛውም?» አልኩ።

ክሊኒኩ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት፣ ለሰው አፍ የማይሆን የድድ ዱቄት ነበር፤ ባለቤቱ «ከሚጣል ውሰደው» ብሎ ሰጠኝ። የሚወልቅ ጥርስ ድዱ የሚሠራው ከዚህ ዱቄት ነው፤ ቀለሙም የድድ ነው። ሰማያዊ ድድ አምጣልኝ ብሎ የሚያዝ ሰው ስለሌለ ሌላ ቀለም የለውም። አሠራሩ ቀላል ነው። ደምሴን ለሁለት በሚከፈል ጀሶ ውስጥ ትቀብረዋለህ፤ ጀሶው ሲደርቅ ታወጣዋለህ፤ እሱ በተኛበት ጎድጓዳ ውስጥ የተቦካውን ዱቄት ጠቅጥቀህ፣ ጀሶውን ገጥመህ አስረህ ትቀቅለዋለህ። እንዳይጣበቅ ጀሶው ቫዝሊን ይቀባል። ቫዝሊኔ አልቆ ነበር።

የቤት አከራዬ እትዬ ወርቂት ምድጃው ላይ ምን እንደጣድኩ ሊያዩ መጡ፤ ድስቱ የሳቸው ነው። ደምሴንም፣ ጀሶውንም፣ ያለቀውን ቫዝሊንም አስረዳኋቸው።

«ቅቤ ባለበት አገር ቫዝሊን ትቀባለህ?» አሉኝ። «ይሄን ለኔ እንደነገርከኝ ለሌላ ሰው እንዳትነግር።»

የሰጡኝ ለክትፎ የተነጠረ፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ቅቤ ነው። ጉራጌ አገር ተቀምጦ ቅቤ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሰው ካለ ያሳዩኝ። ቀባሁት። ደምሴም ከጀሶው ውስጥ ያለምንም ችግር ወጣ፤ ሮዝ ሆኖ፣ ወዙ እያብለጨለጨ፣ መፋቂያውን እንደ ጎራዴ ሰብቆ፣ ክትፎ ክትፎ እየሸተተ።

ሽታው አይለቅም። በሳሙና ሞከርኩ፣ በሎሚ ሞከርኩ፣ በረኪና ውስጥ አሳደርኩት፤ ጠዋት ላይ በረኪናው ራሱ ክትፎ ይሸት ነበር። የመጀመሪያዎቹን መስኮት ላይ ባሰጣቸው የጎረቤት ድመት ወሰደቻቸው። አንዱን አጥር ሥር ጋቢው ታኝኮ አገኘሁት።

ከድመቷ የተረፈውን ለነስሩ ሰጠሁት። ነስሩ ጠዋት ጠዋት ሥራ የሚያደርሰኝ ባለባጃጅ ነው፤ የቡታጅራ ልጅ። መስታወቱ ላይ ሰቀለው። ከጥቂት ቀን በኋላ ባጃጁን አቁሞ ዞር አለና፣

«ብሮ፣ ይሄ ሰውዬህ ሥራዬን ቀየረው» አለኝ።

«ምን አደረገ?»

«የገባው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ይልና መሃል መንገድ ላይ ክትፎ ቤት አውርደኝ ይላል። ትናንት አንዱ ሆስፒታል የተኛ ሰው ሊጠይቅ እየሄደ ነበር፣ ብርቱካኑን እንደያዘ ክትፎ ቤት ወረደ። ሰውዬህ ሙድ አለው።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ባለባጃጆቹ መጡ፣ ባለክትፎ ቤቶቹ መጡ፣ ነርሶቹ መጡ። በጥርሳቸው ምክንያት አኩርፈውኝ የነበሩት ሳይቀሩ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመው «ጥርሱን ተወው፣ ደምሴ አለህ ወይ?» ይሉኝ ጀመር፤ ያውም ፈገግ ብለው። ሰው ፈገግ ብሎ ሲመጣብኝ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ልቤ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። መስቀል እየቀረበ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ዘመድ ሁሉ ደምሴ እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ማታ ማታ ስቀቅል፣ የእትዬ ወርቂት ወጥ ደግሞ በኔ ምክንያት ጀሶ ጀሶ ማለት ጀመረ።

ብርሃኑ የሚባል ጠበቃ ጓደኛ አለኝ። ሻይ ልንጠጣ ስንገናኝ አንድ ደምሴ አበረከትኩለት። ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ አገላብጦ አየውና በጣቱ ጫፍ ጠረጴዛው ላይ አቆመው።

«ይሄን የፈጠረው ማነው?»

«እኔ ነኛ።»

«መፋቂያውን አላልኩም። ሰውዬውን።»

«የመጽሔቱ ጀግና ነው እኮ» አልኩ። እሱ ቀጠለ። «የቅጂ መብት የሚባል ነገር አለ። ሠዓሊው በሕይወት ካለ ደምሴ የሱ ነው፤ ከሞተም የወራሾቹ ነው። አንተ ማንንም ሳትጠይቅ አባዝተህ ከተማ ሙሉ በትነኸዋል።»

«በነጻ እኮ ነው የምሰጠው።»

«ሌባም በነጻ ነው የሚወስደው። እዚያ ላይ መፋቂያ አስይዘህ ቅቤ ቀብተኸዋል፤ ሥራውን ማበላሸትም ይጨመርበታል። ወይ ባለቤቱን ፈልገህ ታስፈቅዳለህ፣ ወይ ጀሶህን ሰብረህ የሰጠኸውን ትሰበስባለህ።» ይሄን ብሎ ሲያበቃ ደምሴን ኪሱ ከተተው። ለማስረጃ ነው አለ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለመሰብሰብ ሞከርኩ። ነስሩ «የሰጡትን መልስ ማለት ነውር ነው ብሮ» ብሎ እጄን ከመስታወቱ ላይ አነሣው። ክትፎ ቤት ብሄድ ደምሴን ከሂሳብ መቀበያው በላይ በምስማር መትተው፣ ዙሪያውን አበባ አድርገውበታል። በማግስቱ ትራፊክ ፖሊስ የነስሩን ባጃጅ አስቆመ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወደ መስታወቱ ሲያይ «ጌታዬ፣ አላስፈቀድኩም፣ የሰው መሆኑን አላወቅኩም ነበር» አልኩ። ትራፊኩ እኔን ትቶ ነስሩን መንጃ ፈቃድ ጠየቀው። አይቶ ከመለሰለት በኋላ ግን ወደኔ ዞሮ «ይሄን ነገር ግን ከየት ነው የሚያገኙት?» አለኝ።

እኔን የጨነቀኝ ክሱ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ልናገር፦ ጀሶውን መስበር አልፈለግኩም። በዕድሜዬ ሰው ደስ ብሎት የተቀበለኝ ሥራ ይሄ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ሰብሬ ነገ ጠዋት ወደ መንጋጋ ብቻ መመለስ እንደ ሞት ከበደኝ። ስለዚህ ሠዓሊውን መፈለግ ነበረብኝ፤ የመጽሔቱ ሰዎች ደግሞ የሠዓሊውን ስም አይጽፉም ነበር።

ያገኘው ነስሩ ነው። ጭንቀቴን ስነግረው መስታወቱ ላይ ያለውን ደምሴን አተኩሮ አየና፣

«ይሄን ፊት እኮ አውቀዋለሁ» አለ።

«ከየት?»

«ቡታጅራ፣ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው በሬ ነው።»

ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን አሳየኝ። ቀንድና ጭራውን ብትቀንሱለት ራሱ ደምሴ ነው፤ ያው ከፍ ያለ ቅንድብ፣ ያው ወደፊት የወጣ አገጭ፣ ያው ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው የረጋ ዓይን። በሬውን የሣሉት ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ አዛውንት ናቸው፤ የከተማውን ሥጋ ቤትና ጸጉር ቤት ማስታወቂያ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው አለኝ። ነስሩ ያደገበት ሰፈር ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ደብዳቤ ልጻፍላቸው ብዬ እትዬ ወርቂትን ባማክራቸው ከተቀመጡበት ተነሡ።

«ለትልቅ ሰው ደብዳቤ? ሽማግሌ ይላካል እንጂ።»

በነጋታው ሽማግሌዎቼ ተመረጡ። አንዱ አቶ ደግፌ ናቸው፤ ከእምድብር በኩል የመጡ፣ በሰፈራችን ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ። ሁለተኛው ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሱሩር ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሄደው ያልተሰጣቸው ልጃገረድ የለችም ይባላል። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው፤ ሁለቱም ገባቸው። ችግሩ አጠያየቁ ላይ ነው። ሽማግሌ ሆነው የሚያውቁት የአጠያየቅ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ለጋብቻ የሚሆነው።

«የሰው ነገር ስትጠይቅ መንገዱ አንድ ነው» አሉኝ አቶ ደግፌ። «ልጅም ትሁን፣ ማሳም ይሁን፣ ደምሴም ይሁን።»

እሑድ በማለዳ ሚኒባስ ይዘን ወደ ቡታጅራ ሄድን። መንገድ ላይ ሐጂ ሱሩር ወደኔ ዘንበል ብለው «ደምሴ ዕድሜው ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሥዕል ነው ሐጂ፣ አያረጅም።»

«ማሻአላህ» አሉና «አስቀድሞ ከሌላ ሰው ጋር ቃል አለው?» ብለው ጠየቁ። ሲታሰብ የብርሃኑም ጥያቄ ይኸው ነበር።

ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ ከቆርቆሮው አጥር ውጪ ቀረሁ። ቆርቆሮው ቀዳዳ ነበረው፤ ሁሉንም በአንድ ዓይን አየሁ። ጋሽ ሽብሩ ቀጭን፣ እጃቸው ቀለም የነካካው ሰውዬ ናቸው። በራቸው ላይ ጋቢ ለብሰው የቆሙትን ሁለት ሽማግሌዎች ሲያዩ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ኧረ ግቡ፣ ኧረ ተቀመጡ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ አቶ ደግፌ። «ለመልካም ነው የመጣነው። ከእርስዎ ጋር መዛመድ ፈልገን ነው።»

«እኔ ልጅ የለኝም እኮ።»

«እናውቃለን። የምንጠይቅዎ የሣሉትን በራሪውን ደምሴን ነው። ወልቂጤ አንድ ጥርስ ሠሪ ልጃችን በአሻንጉሊት ሊሠራው ፈልጎ፣ ፈቃድዎን ጠይቁልኝ ብሎናል።»

ጋሽ ሽብሩ ያስቀመጡትን ብሩሽ መልሰው አነሡ። ሐጂ ሱሩር ይሄን እንደ እምቢታ ቆጥረውት መሰለኝ እኔን ማሞገሱን ተያያዙት። «ወላሂ ጨዋ ልጅ ነው። ከደሴ ነው የመጣው፣ ግን ቤተሰብ ሆኗል። አይጠጣም፣ አያመሽም። ደምሴን አያስርበውም፣ እጁንም አያነሣበትም።»

በዚህ መሃል ከጎኔ ወይዘሮ ራሕማ የሚባሉ ጎረቤታቸው ቆመው ኖሯል። አጥር ቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ሰው ሲያዩ ሌባ ነህ ወይ ሊሉኝ ይችሉ ነበር፤ ደግነቱ ሽማግሌዎቹን አይተው ሌላ ነገር ገመቱ።

«ጠያቂው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ የት ቤት እንደላክህ አጣርተሃል? ጋሽ ሽብሩ ቤት የምትዳር ልጅ የለችም። በዓል እንኳ ሲሆን ከኛ ቤት ሳህን እንልክላቸዋለን እንጂ የሚመጣ ዘመድ አይቼ አላውቅም።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ የመጣሁት ስለ መብት ልጠይቅ ነበር፣ ይሄን ስሰማ ግን መብቱን ረሳሁት። ከውስጥ የጋሽ ሽብሩ ድምፅ ተሰማ። እንደ ደንቡ ነበር የመለሱት።

«እንግዲህ ዘመድ ላማክር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።»

ያን ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ጀሶውን አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። «ደምሴስ?» የሚለኝ ሰው ሲበዛ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። እትዬ ወርቂት ብቻ ናቸው የተረጋጉት፤ «በመጀመሪያ ቀን ቢሰጥ ነበር የምፈራው» ይሉኝ ነበር።

ስንመለስ ጋሽ ሽብሩ በእርግጥ ዘመድ አማክረው ጠበቁን። ዘመዶቻቸው ወይዘሮ ራሕማና የሥጋ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሁለቱም የክት ልብሳቸውን ለብሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። «ልጁን አሳዩን» ተባለና እኔም ገባሁ። ሮዙን ደምሴ በነጭ መሐረብ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ከመሐረቡ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኩት። ባለሥጋ ቤቱ ጠጋ ብሎ አሸተተው።

«ቅቤው የማነው?» አለ።

«የቤት አከራዬ ናቸው የሰጡኝ።»

«ቅቤ የሚያውቁ ሴት ናቸው» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጋሽ ሽብሩ መነጽራቸውን አድርገው ደምሴን በመስኮቱ ብርሃን አገላበጡት። እኔ የዚያን ቀን ያህል ላብ አልቦኝ አያውቅም።

«ይሄ የያዘው ምንድነው?»

«መፋቂያ ነው ጋሼ።»

«ባትሪ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «በጨለማ መንገድ ለቀረ ሰው ሊያበራ።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ይሄን አሻንጉሊት አልሠራሁም። መርካቶ መደርደሪያ ላይ ተደርድሮ ነው ያየሁት። ማን እንደሠራው ዛሬም አላውቅም። የኔ ነው ልል ወደ ባለሱቁ ተጠጋሁ፣ አንተ ማነህ ብሎ ቢጠይቀኝ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ተመለስኩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አይደል የሚባለው።»

እኔ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት አሻንጉሊት፣ ያ ከደሴ የመጣው፣ ራሱ ያልተፈቀደ ኖሯል። የሌባን ቅጂ ነበር የምቀዳው።

«እስከ ዛሬ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «አንተ ነህ የመጀመሪያው። ያውም በሽማግሌ።»

ሐጂ ሱሩር ልምድ ያላቸው ሰው ስለሆኑ «እንግዲያስ ሰጡን ማለት ነው» አሉ።

«እሰጣለሁ። መፋቂያው ይውጣ፣ ባትሪው ይግባ። ቅቤው ላይ...» ብለው ወደ ባለሥጋ ቤቱ ዞሩ።

«ቅቤው ይቆይ» አለ ባለሥጋ ቤቱ።

«ቅቤው ይቆይ። ሌላው ደግሞ መስቀል በመጣ ቁጥር ይዛችሁልኝ ትመጣላችሁ። እሱንም፣ እናንተንም። ልጁን ድሮ መስቀልን ብቻውን የሚውል አባት የለም።»

አቶ ደግፌ ተነሥተው መረቁ፣ ሐጂ ሱሩር በበኩላቸው ዱዓ አደረጉ፣ ወይዘሮ ራሕማ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ላቡ ነው ብዬ ነበር፣ ያመነኝ የለም። ወልቂጤ ስመለስ ለብርሃኑ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ውል በየትኛውም ሕግ ላይ አላየሁም ካለ በኋላ መስቀል ላይ ለእሱም ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠየቀኝ።

በመስቀል ሁላችንም ቡታጅራ ወረድን። ክትፎው በእትዬ ወርቂት እጅ ነው የተሠራው፤ ሐጂ ሱሩርና ወይዘሮ ራሕማ ጎመኑንና አይቡን ለብቻቸው ይዘው ተቀመጡ። ነስሩ ከሁለቱ ጎን ተቀምጦ በቀልድ አስቸገራቸው። ደምሴ ባትሪውን ይዞ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሟል፤ ጋሽ ሽብሩ ጋቢውን በሰማያዊ ቀለም ቀብተውታል። ቤቱ ጠቦ ሰው እንደ ልብ እጁን መዘርጋት አልቻለም ነበር።

በዚህ መሃል አንድ ሰው በሩን አንኳኳ። አዲስ ምግብ ቤት ሊከፍት ነው፤ ማስታወቂያ ሊያሠራ መጥቶ በዓሉን ሲያይ ሊመለስ ነበር። ጋሽ ሽብሩ አልለቀቁትም፣ ጎትተው አስገቡት፣ ጉርሻ ሰጡት። ሰውዬው እያኘከ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ይሄ ማነው?»

ጋሽ ሽብሩ እጃቸውን ታጠቡ፣ አደራረቁ፣ ደምሴን ከመስኮቱ አንሥተው ለሰውዬው አቀበሉት።

«ልጄ ነው» አሉ። «ወልቂጤ ነው የዳርኩት። ዛሬ ሊጠይቀኝ መጥቶ ነው።»